ከኪንሻሳ የወጣው መንገድ

በ1960 ኪንሻሳ ውስጥ አንድ ሐኪም ከአንዲት ሴት ንፍፊት ላይ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ለምርመራ ላከ። ከተማዋ ያን ጊዜ ሊዮፖልድቪል ትባል ነበር፤ ዓመቱም ኮንጎ ከቤልጂግ አገዛዝ ነፃ የወጣችበት ነው። ቁራጩ ሥጋ እንዳይበሰብስ በኬሚካል ተነከረ፣ በሰም ተደፈነ፣ ከመሰሎቹ ጋር ተከማችቶ ቀረ። ከ48 ዓመት በኋላ ማይክል ዎሮቤይ የሚመሩት የተመራማሪዎች ቡድን ሰሙን ፍቆ ከውስጡ የኤችአይቪ ቫይረስ ስብርባሪዎች አወጣ። ሥጋው በተቆረጠበት ቀን ኤድስ የሚባል በሽታ በማንም ሐኪም መዝገብ ላይ አልነበረም። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያች ሴት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959፣ እዚያው ከተማ ለሌላ ጥናት ተብሎ ደም የሰጠ አንድ ሰው ነበር። የእርሱም ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ በ1998 ቫይረሱ ተነበበ። እንግዲህ ሁለት ምስክሮች አሉን ማለት ነው፤ አንድ ከተማ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት። የሁለቱ ቫይረሶች የዘረመል ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲነበብ ግን ከመቶው ፊደል 12 ያህሉ አይገጥምም። አንድ ሰፈር ሁለት ልጆች አግኝተን አንዱ ጉራግኛ ሌላው ሶማሊኛ ሲናገሩ ብንሰማ፣ አባቶቻቸው ከተለያዩ ብዙ ዘመን እንደሆነ አንጠራጠርም። የኪንሻሳ ሁለቱ ቫይረሶችም የነገሩን ይህንኑ ነው፤ ቫይረሱ በ1959 እንግዳ አልነበረም። ሥር ሰድዶ፣ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚነበብ ለማስረዳት ከእኛው ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ብራናው ላይ አቀርቅሮ ሲጽፍ አንድ ፊደል ይዘላል፣ አንዱን በሌላው ይለውጣል። ግድፈት ይባላል። ሌላ ጸሐፊ ያንን ብራና አምጥቶ ሲገለብጥ የመጀመሪያውን ግድፈት እንደ ንባብ ቆጥሮ ይወርሰዋል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሠላሳ ዳዊት ከየገዳሙ ሰብስቦ የሚያነጻጽር ሰው፣ አንድ ዓይነት ግድፈት የሚጋሩት ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደተቀዱ ያውቃል። ማን ከማን እንደገለበጠ የሚነግር ሰው ባይኖርም ግድፈቶቹ ራሳቸው የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ።

ኤችአይቪ ማለት ወደ 9,700 ፊደል የሚጠጋ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ወደ ሰው ሴል ገብቶ ራሱን ሲገለብጥ የሚጠቀምበት ኢንዛይም አራሚ የለውም። የእኛ ሴሎች ዘረመላቸውን ሲገለብጡ ስሕተቱን ተመልሶ የሚያርም መሣሪያ አላቸው፤ ቫይረሱ ግን ጽፎ ያልፋል። ስለዚህ ግድፈቱ ቶሎ ቶሎ ይከማቻል፤ ለበሽተኛው መከራ የሆነው ይህ ጠባይ፣ መድኃኒትን የሚያመልጥበት ይህ ጠባይ፣ ለታሪክ ጸሐፊው መዝገብ ሆነለት።

መዝገቡ ቀንም አለው። ለስሌት ያህል ቫይረሱ በ1,000 ፊደል ላይ በዓመት 2 ግድፈት ይጨምራል እንበል። ሁለት ወንድማማች ቫይረሶች ከአባታቸው ሲለያዩ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው 2 ስለሚጨምሩ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በዓመት በ4 ይሰፋል። የኪንሻሳ ሁለቱ ናሙናዎች በ1,000 ፊደል 120 ያህል ከተለያዩ፣ 120ን ለ4 ማካፈል ነው፤ 30 ዓመት። ይህ ወደ 1930 ይወስደናል። ሆኖም ይህ ስሌት አንድ ነገር ያመልጠዋል። አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ግድፈት የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል፣ እኛም ሁለቱን አንድ ብለን እንቆጥራለን። የተሸፈነውን ሁሉ ገምቶ የሚያስገባ የኮምፒውተር ስሌት ሲሠራ ዘመኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። የዎሮቤይ ቡድን ዛሬ በዓለም የተሠራጨው ዋና የኤችአይቪ ቡድን የጋራ ወላጅ ከ1884 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደነበረ አሰላ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ራሷ ገና የተቆረቆረች ከተማ ነበረች።

ቀኑን ካወቅን ቦታውስ? እዚህ ላይ ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አያትና ቅድመ አያት ይቆጥራሉ፤ የመጀመሪያው የጋራ አያት የት አገር ሰው እንደነበረ እስኪደርሱበት ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹም የእያንዳንዱ ናሙና ከተማና ዓመት በእጃቸው አለ። ከሐረጉ ጫፍ ተነሥተው ወደ ግንዱ እየወረዱ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ «ይህ አባት የት ቢኖር ነው ልጆቹ እንዲህ የተበተኑት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ኮምፒውተሩም ለእያንዳንዱ ከተማ የመሆን ዕድሉን ያሰላል። ከዚህ ሌላ አንድ ጠንካራ ምልክት አለ። ዝርያው እጅግ የተለያየበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ጥንቱ ነው። በኪንሻሳ በዓለም የሚታወቁት የኤችአይቪ ንዑስ ዓይነቶች ሁሉ ለማለት ይቻላል ተገኝተዋል፤ በሌላ አህጉር ባሉ ከተሞች ግን በአብዛኛው የሚበዛው አንዱ ወይም ሁለቱ ነው።

የመጀመሪያው መተላለፍ የተፈጸመው ኪንሻሳ ውስጥ አልነበረም። የቢያትሪስ ሃን ቡድን ደቡብ ካሜሩን ጫካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር የቺምፓንዚ እዳሪ ሰብስቦ በውስጡ ያለውን ቫይረስ በማንበብ፣ ለሰው ኤችአይቪ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቫይረስ በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ቺምፓንዚዎች ውስጥ እንደሚኖር በ2006 አሳየ። አንድ እንስሳ እንኳ ሳይያዝ፣ ሳይወጋ ማለት ነው። ከዚያ ጫካ ወንዞች ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ጎማና የዝሆን ጥርስ የጫኑ ጀልባዎችም በወንዞቹ ወደ ኮንጎ ወንዝ፣ በኮንጎም ወደ ኪንሻሳ ይሄዱ ነበር።

በ2014 ኑኖ ፋሪያ፣ ፊሊፕ ለሜይ፣ ኦሊቨር ፓይበስና ባልደረቦቻቸው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው ይህን ምዕራፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ። ከኮንጎና ከአካባቢው የተሰበሰቡ የቫይረስ ጽሑፎችን ደርድረው የዋናው የኤችአይቪ ቡድን ግንድ ኪንሻሳ ላይ፣ በ1920 ገደማ እንደቆመ አገኙ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያስደንቀው። ብራዛቪል ከኪንሻሳ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ያለች ከተማ ናት፤ በጀልባ ደርሶ መልስ የአንድ ጠዋት ጉዞ ነው። የኮንጎዋ ሉቡምባሺ ከተማ ደግሞ በአየር ቢለካ እንኳ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሆኖም ቫይረሱ ሁለቱም ዘንድ የደረሰው በተቀራራቢ ጊዜ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የአልማዝ ከተማዋ ምቡጂማዪ ዘንድም የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። በሰሜንና በምሥራቅ በወንዝ ብቻ የሚደረስባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ ኪሳንጋኒ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተው ተቀበሉት።

ቫይረስ እግር የለውም፤ ሰው በሚሄድበት ይሄዳል። ስለዚህ የኮንጎን ካርታ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቲኬት ማንበብ ያስፈልጋል። ቤልጂጎች መዳብና አልማዝ ወደ ባሕር ለማውጣት ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ከማታዲ ወደብ እስከ ኪንሻሳ ያለው መስመር በ1898 ተጠናቀቀ። ከኪንሻሳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው በእንፋሎት መርከብ የኮንጎንና የካሳይን ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ ኢሌቦ ይደርሳል፤ ከኢሌቦ እስከ ሉቡምባሺ የተዘረጋው ሐዲድ በ1928 ሥራ ጀመረ። ልብ በሉ፤ ሐዲዱ በ1928 ተከፈተ፣ ቫይረሱ አሥር ዓመት ሳይሞላ በሌላኛው ጫፍ ታየ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በኪንሻሳ በኩል በባቡር የሚመላለሰው ሰው በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከመንደራቸው ለሥራ የወጡ ወጣት ወንዶች ነበሩ። በኪንሻሳ ወንድ ከሴት በብዙ ይበልጥ ስለነበር የሚከተለው ነገር ይታወቃል። በሕክምና ዘመቻዎችም መርፌ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ይዘዋወር ነበር፤ ይህም ሥርጭቱን እንዳገዘ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የቅኝ ግዛቱ መሐንዲስ ሐዲዱን ሲዘረጋ ያሰበው መዳብን ነበር፤ ሐዲዱ ግን የጫነውን አይመርጥም።

ከኮንጎ ነፃነት በኋላ ቤልጂጎች ሲወጡ መምህርና ሐኪም ጠፋ። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ የተማሩ የሄይቲ ሰዎች በሺህዎች ተቀጥረው መጡ፤ ሠርተውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ንዑስ ዓይነት ቢ የሚባለው ቫይረስ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሄይቲ የገባው በዚህ መንገድ እንደሆነ የዘረመሉ ጽሑፍ ያመለክታል። ከሄይቲ ወደ ኒውዮርክ በ1970 ገደማ፣ ከኒውዮርክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በ1970ዎቹ አጋማሽ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሕሙማን ሪፖርት የወጣው ሰኔ 5 ቀን 1981 ነው። ቫይረሱ ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ከተማ ለከተማ ሲሄድ ቆይቷል።

በዚህ መካከል አንድ ሰው በስሙ ተከሷል። የካናዳ ተወላጅ የሆነ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበር። በአሜሪካ የበሽታ ተመራማሪዎች ሰነድ ላይ «ኦ» በሚል ፊደል ተመዘገበ፤ ከካሊፎርኒያ ውጭ የመጣ ማለት ነበር። ፊደሉ በኋላ ዜሮ ተብሎ ተነበበ፤ በ1987 በወጣ አንድ ዝነኛ መጽሐፍም ሰውዬው የአሜሪካ ኤድስ መነሻ ተደርጎ በዓለም ታወቀ። እርሱ በ1984 ሞቶ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻለም። በ2016 ዎሮቤይና ባልደረቦቻቸው በ1978 እና በ1979 ለጉበት በሽታ ጥናት ተቀምጦ ከነበረ ደም ውስጥ ስምንት የቫይረስ ጽሑፎችን ሙሉ በሙሉ አነበቡ። የአስተናጋጁን ቫይረስም ከእነርሱ ጋር አስተያዩት። ቦታው ከግንዱ አጠገብ አይደለም፤ ከሐረጉ መሐል፣ ከብዙ ቅርንጫፎች አንዱ ላይ ነው። ሰዎች አንድን ፊደል አሳስተው አንብበው ሰውን ወነጀሉ፤ የቫይረሱ ፊደሎች በትክክል ሲነበቡ ነፃ አወጡት።

ወደ እኛ አገር የመጣው ሌላ ቅርንጫፍ ነው። ንዑስ ዓይነት ሲ ይባላል፤ በዓለም ላይ ካለው የኤችአይቪ ሥርጭት ግማሽ ያህሉን የሚይዘው እርሱ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በህንድና በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱት የኤድስ ጥናት ፕሮጀክት፣ ቀድሞ የተቀመጡ የኢትዮጵያውያን የደም ናሙናዎች ከኋለኞቹ ጋር ተነጻጽረው ግድፈታቸው ተቆጠረ። በ2001 የታተመው ውጤት ንዑስ ዓይነት ሲ ኢትዮጵያ የገባበትን ጊዜ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አደረገው። በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። የፊደሉ ስሌትና የሐኪሙ መዝገብ እንዲህ ተቀራርበው ሲገኙ ዘዴው የሚታመን መሆኑን እናያለን። እኔ ይህን ጥናት ሳነብ ትዝ የሚለኝ ሰው ሁሉ ስሙን መጥራት ፈርቶ «ያ በሽታ» ይል የነበረበት፣ ሟችን «በአጭር ጊዜ ሕመም» ብለን የቀበርንበት ዘመን ነው። እኛ ስሙን በደበቅንበት ዘመን ቫይረሱ የመጣበትን ቀን በራሱ ላይ ጽፎ ይዞ ነበር።

አሁን የማነሣው ጉዳይ ያመኛል፤ ግን ሳላነሣው አላልፍም። የቫይረስን መንገድ ማወቅ በመንገዱ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ ለመውቀስ ሲውል ታይቷል። በ1990 የአሜሪካ መንግሥት የሄይቲ ተወላጆች ደም እንዳይለግሱ ሲከለክል በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያን የብሩክሊንን ድልድይ ተሻግረው ተቃውመው ክልከላውን አስነሡ። በጥር 1996 ደግሞ እስራኤል ውስጥ የደም ባንኩ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ተቀብሎ፣ አመስግኖ ሸኝቶ፣ ከዚያ ሳይነግራቸው ሲጥለው እንደኖረ በጋዜጣ ተጋለጠ። ምክንያቱ የኤችአይቪ ፍርሃት ነበር። ለውትድርና ደማቸውን ለማፍሰስ የተፈቀደላቸው ወጣቶች ደማቸውን ለመለገስ እንዳልበቁ ሰሙ። በሺህዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ፤ ፖሊስም በውኃና በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው። የእያንዳንዱን ደም መመርመር ይቻል ነበር። መጣሉ የተፈረደው በደሙ ሳይሆን በትውልድ አገሩ ላይ ነው። የዘር ሐረጉን የሚሠሩ ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ካርታቸው ላይ የሚሰምሩት ቀስት አንድ ሰው ቤት ላይ ያርፋል።

ያው ዘዴ ግን የተወነጀለን አድኗል። በ1998 ቤንጋዚ፣ ሊቢያ ውስጥ፣ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ከ400 በላይ ልጆች በኤችአይቪ ተያዙ። አምስት ቡልጋሪያውያን ነርሶችና አንድ ፍልስጥኤማዊ ሐኪም ሆን ብለው አስተላለፉ ተብለው ታሰሩ፣ ሞትም ተፈረደባቸው። ሥራ የጀመሩት በመጋቢት 1998 ነበር። ቱሊዮ ደ ኦሊቬራና ባልደረቦቻቸው የልጆቹን ቫይረስ ግድፈት ቆጥረው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ዓይነት ጋር የሚዛመደው ቫይረስ ነርሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሆስፒታሉ ውስጥ ይዘዋወር እንደነበር በታኅሣሥ 2006 አሳተሙ። ፍርድ ቤቱ አልሰማም፤ በዚያው ወር የሞት ፍርዱን ደገመው። ስድስቱ በሐምሌ 2007 ከብዙ የዲፕሎማሲ ድርድር በኋላ ተለቀቁ። እኚሁ ደ ኦሊቬራ ናቸው በኅዳር 2021 የኮሮናን አዲስ ዝርያ፣ ኦሚክሮንን፣ ከደቡብ አፍሪካ ለዓለም ያስታወቁት። ፊደሉን በፍጥነት ስላነበቡ ምስጋና ሲገባቸው በማግሥቱ ብዙ አገሮች ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣውን በረራ ዘጉ። ቀድሞ የተናገረ ሁሉ ቀድሞ የታመመ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመረመረ ነው።

ይህ ወደ ዘዴው ትልቅ ድክመት ያመጣናል። የዘር ሐረጉ የሚያውቀው ናሙና የተወሰደበትን ከተማ ብቻ ነው። ሦስት ከተማ መርምሮ አራተኛውን የተወ ጥናት፣ ቫይረሱ ከአራተኛው ቢነሣ እንኳ ከሦስቱ አንዱን መነሻ ያደርጋል። በድሃ አገር ደም ተመርምሮ ይጣላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው ይቀልጣል፣ መዝገቡን አይጥ ይበላዋል። ለዚህ ነው የእኛ የሆኑት የጤና ተቋማት ናሙናን እንደ ቅርስ እንዲያስቀምጡ የምጠይቀው፤ ከባለቤቱ ስምና ምሥጢር ተለይቶ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት። በደብረ ጽጌም ሆነ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ብራና ያኖረ አባት ማን እንደሚያነበው አላወቀም።

ዎሮቤይና የቤልጂግ ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው አፍሪካ ከ1958 እስከ 1966 በሰም ተደፍነው ከተቀመጡ ናሙናዎች ከ1,600 በላይ የሆኑትን አንድ በአንድ መረመሩ። ቫይረሱ የተገኘው በአንዱ ብቻ ነው፤ በ1966 ከአንድ የ38 ዓመት ሰው ንፍፊት የተወሰደ ቁራጭ። ከእርሱ የተነበበው፣ በ2020 የታተመው ጽሑፍ፣ ሙሉ ለሙሉ ለማለት የሚያስደፍር ሆኖ ከተገኙት የኤችአይቪ ጽሑፎች ሁሉ አሮጌው ነው።